መቶ ሃያ በሰማንያ

ጥላዬ ወንድይራድ ትናንት ከምሳ በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ደመወዝ በሚከፈልበት ወንበር ላይ ቁጭ እንዳለ ሕልም አየ። የነገረኝ ራሱ ነው። እኔ የጨመርኩበት ነገር የለም፤ አንዳንድ ቦታ አሳምሬው እንደሆነም ይቅር በሉኝ፣ እሱም ሲነግረኝ ሳያሳምረው አልቀረም።

ጥላዬን ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። የከተማችን ጤና ጣቢያ መግቢያ ላይ፣ ከካርድ ክፍሉ ጎን፣ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ሐኪሙ ዘንድ ከመቅረባችሁ በፊት እዚያ ትገባላችሁ፤ ጥላዬ ክብደታችሁንና ግፊታችሁን ይለካና ካርዳችሁ ላይ ይጽፋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያው ነው። ይለካል ያልኩት ለወጉ ነው። ክንድ ላይ የሚጠመጠመው የግፊት መለኪያው ጨርቅ ተቀዶ አየር ማስወጣት ከጀመረ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ጥላዬ ይቀየርልኝ ብሎ አምስት ጊዜ ጽፏል፤ አምስት ጊዜም «በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ መጥቶለታል። እስከዚያው ግን ሕመምተኛ ካርዱን ይዞ ይመጣል፣ ባዶ ቦታ መተው ደግሞ ያስገመግማል። ስለዚህ ጥላዬ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አየት ያደርግና መቶ ሃያ በሰማንያ ብሎ ይጽፋል። ቀጠን ላለው መቶ አሥር በሰባ ይሰጠዋል። ሞላ ላለውና ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ለሚለው መቶ ሠላሳ በሰማንያ አምስት። ከዚያ በላይ ወጥቶ አያውቅም፣ ሰው ማስደንገጥ አይወድም።

የልጆቹ ይብሳል። የሚዛኑ መርፌ አሥራ ስምንት ኪሎ ላይ ተጣብቆ ስለቀረ፣ የልጁን ዕድሜ በሁለት አባዝቶ ስምንት ይደምርበታል። ሒሳቡ የእሱ ፈጠራ አይደለም። ሲሠለጥን ለጭንቅ ጊዜ ይሆናችኋል ተብሎ የተማረው ነው፤ እሱ ግን የጭንቁን ጊዜ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ አስረዘመው። የጎረቤታችን ልጅ ኤልዳና ሰባት ዓመቷ ነው። በቀን ሁለት ለስላሳና ሦስት ከረጢት ቺፕስ ካላገኘች ሰፈሩን ታናውጣለች፣ አራት ደረጃ ለመውጣት ሁለት ጊዜ ታርፋለች። አባቷ አንድ ቀን ሊያዝላት ሞክሮ ወገቡን ይዞ ሳምንት ተኝቷል። ካርዷ ላይ ግን ሃያ ሁለት ኪሎ ናት። በጥላዬ ሒሳብ በዚህ ከተማ ወፍራም ልጅ ሊወለድ አይችልም።

ነገሩ እንዲሁ ተሸፋፍኖ ይኖር ነበር። ከሦስት ወር በፊት ዶክተር ሶስና የምትባል አጥኚ ከአዲስ አበባ መጣችና የአምስት ዓመቱን ካርድ በሙሉ ፎቶ አንሥታ ወሰደች። የሰው ስም አንፈልግም፣ ቁጥሩ ብቻ ይበቃናል አለች። የልብ ሕመም፣ የስኳር በሽታና የልጆች ውፍረት የት የት እንደበዛ ታጠናለች፤ በበዛበት ከተማ የክትትል ክፍል ይከፈታል፣ መድኃኒትም በየወሩ ይላካል። ትናንት በስምንት ሰዓት ተመልሳ እንደምትመጣ ስልክ ተደወለ። ጥላዬ የሚፈርምባት አንዲት ወረቀት ይዛ ነው የምትመጣው፤ ወረቀቷ «ቁጥሮቹን በመሣሪያ ለክቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ» ትላለች።

ጥላዬ ሚስት አለችው፣ ትርንጎ ትባላለች። ትናንት እንደ ወትሮዋ ምሳውን ይዛለት መጣች። ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ማጅራቷን በእጇ ጨበጥ አድርጋ ቆመች።

«ጥላዬ፣ ይኸው ዛሬም ይዞኛል» አለችው። «መንገድ ላይ ዓይኔን ብልጭ ብልጭ እያለኝ የሰው አጥር ተደግፌ ነው የቆምኩት።»

«ፀሐዩ ነው።»

«ቤት ውስጥም እኮ ይይዘኛል። ቤት ውስጥ ምን ፀሐይ አለ?»

ጥላዬ ካርዷን ከመሳቢያው አወጣና ዘረጋላት። «ይኸው እዪው። አሥራ አንድ ጊዜ መጥተሻል፣ አሥራ አንዱንም ጊዜ መቶ ሃያ በሰማንያ። የኮረዳ ግፊት ነው ያለሽ።»

ትርንጎ ባሏን ታምናለች። «እንግዲህ አንተ ካልክ» ብላ፣ ባዶውን ምሳ ዕቃ እስኪሰጣት ድረስ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ሄዳ ተቀመጠች። ጥላዬም ሽሮውን ጀመረው፤ አልወርድ አለው። የትርንጎ እናት ማጅራቴን፣ ማጅራቴን እያሉ ነው አንድ ቀን እንደ ተቀመጡ የቀሩት። ፈርሞ ዝም ቢል የሚስቱ ቁጥር እንደዚያው ጸድቆ ይቀራል፣ ከተማውም መድኃኒት አያይም። ዋሽቻለሁ ቢል ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የበላበት እንጀራ አበቃ። ይህንን እያወጣና እያወረደ ግንባሩን የካርድ ክምር ላይ ደገፍ አደረገ። እንቅልፍ እዚያው ይዞት ሄደ።

ቀና ሲል ካርዶች አግዳሚ ላይ እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠዋል። ተራ ይጠብቃሉ። አንዱ ያስለዋል፣ አንዱ ጋዜጣ ያነብባል። መደርደሪያዎቹ ላይ ደግሞ ሰዎች በስማቸው ፊደል ተራ በጎናቸው ተጠቅጥቀው ቆመዋል፣ አቧራም ለብሰዋል። ጥላዬን ይህ አልገረመውም፤ የገረመው ፊደሉ ሳይዛነፍ መደርደሩ ነው። እሱ በነበረበት ዘመን እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ጠርዙ የተበላ አንድ ሽማግሌ ካርድ ወደ መስኮቱ ቀረበ።

«ሰውዬን አውጣልኝ» አለው።

«የቱን?»

«ዳቦ ጋጋሪውን። አቶ ሰይፈን።»

ጥላዬ መሰላል ላይ ወጥቶ አቶ ሰይፈን በእግሩ ሳበው፣ አቧራውን አራግፎ በመስኮቱ አቀበለ። ካርዱ ሰውየውን ገለጥ ገለጥ እያደረገ አነበበ። ቅር አለው።

«ይህ ሰው ስሕተት አለበት። እኔ ላይ ሰባ ኪሎ ነው፣ እሱ መቶ አራት ሆኖ ነው የቀረበው።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ይታረማላ። ስርዝ ድልዝ እንዳይኖረው ብቻ ተጠንቀቁ።»

ሁለት ካርዶች ዳቦ ጋጋሪውን በእጅና በእግሩ ይዘው በበሩ ሥር ያሾልኩት ጀመር። አቶ ሰይፈ አልተቃወመም። «መታረሜ ካልቀረ ቀስ ብላችሁ» ብቻ አለ። በወዲያኛው በኩል ሲወጣ በእርግጥ ቀጥኗል፤ ቁመቱ ግን ኮሪደሩን ጨርሶ ግቢው ድረስ ዘልቋል። ካርዱ ላይ ቁመት የሚለው ቦታ ስላልተሞላ ማንም ምንም አላለም።

ይህን ጊዜ ጥላዬ ትርንጎ ትዝ አለችው። ካርድ ሰውን የሚያርም ከሆነ የሷም ካርድ ሊያርማት ይነሣል። ወደ «ት» መደርደሪያ ሮጠ። ቦታዋ ባዶ ነው፣ አቧራው ላይ የጎኗ ቅርጽ ብቻ ቀርቷል።

«ትርንጎ የት ሄደች?» አለው ሽማግሌውን ካርድ።

«አጥኚዎቹ ዘንድ ተጠርታለች። በስምንት ሰዓት ጥናቱ ይታሸጋል፤ ከታሸገ በኋላ የሚስተካከል ነገር የለም።»

ጥላዬ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። የግድግዳው ሰዓት ቁልቁል አይቶት «ስንት ሆነሃል?» ሲል ጠየቀው። «ሃምሳ ሁለት» አለ ጥላዬ። «ረፍዶብሃል» አለው ሰዓቱ። አግዳሚው ጫፍ ላይ አንድ ኪሎ ስኳር በላስቲኳ ውስጥ ሆና ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች። ጥላዬ ቢቸኩልም አልፎ መሄድ አልሆነለትም።

«ምን ሆነሽ ነው እመቤት?»

«ሰው አለብሽ አሉኝ» አለች ስኳሯ። «በባዶ ሆዴ ተመርምሬ ሁለት መቶ ሰው ተገኘብኝ። እናቴንም የገደላት ሰው ነው።»

«አይዞሽ፣ ሰው እኮ ከተጠነቀቁለት አብሮ የሚኖር ነው። ሻይ ቤት አካባቢ አትሂጂ፣ ለሠርግ ሲጠሩሽም ቅሪ።»

«ኬክ ቤትስ?»

«ኬክ ቤትማ አይታሰብም።»

ስኳሯ ይበልጥ አለቀሰች። ጥላዬ ወደ ግቢው ወጣ። ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ዘንድ አንዲት ከረጢት ቺፕስ የእናቷን እጅ ይዛ ትንጨረጨራለች። ሱቁ ውስጥ ልጆች በገመድ ላይ በየቀለማቸው ተንጠልጥለዋል፣ እግራቸውን እያወዛወዙ ያፏጫሉ።

«እማዬ፣ ያቺን ቀይ ሹራብ የለበሰችውን ግዢልኝ።»

«አይሆንም። ጠዋት አንድ ልጅ በልተሻል።»

«ያ እኮ ትንሽ ነበር።»

«ከዚያ ምሳሽን አትበዪም። ባለሱቅ፣ ግማሽ ልጅ አለህ?»

«ግማሽ አንሸጥም» አለ ባለሱቁ። «ሁለት ከወሰዱ ግን ሦስተኛው በነጻ ነው።» እናትየው ትንሽ ካሰበች በኋላ ሦስቱንም ወሰደች።

ግቢው መሃል ድንኳን ተተክሏል። ድንኳኑ ውስጥ ጢማም ጢማም አባቶች ቁምጣና የተማሪ ሹራብ ለብሰው ተሰልፈዋል። ሚዛኖች እየተንደረደሩ መጥተው አባቶቹ ትከሻ ላይ ይወጣሉ፣ «ስንት ነኝ?» ብለው ይጠይቃሉ፣ ወርደው ይሄዳሉ። ከፍ ባለ ወንበር ላይ፣ እግሯ መሬት ሳይደርስ፣ ነጭ ጋዋን ለብሳ የተቀመጠችው ሰብሳቢ የጎረቤታችን ልጅ ኤልዳና ናት። የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ቺፕስ እየበላች ለአባቷ ካሮት ታጎርሰዋለች፤ አባትየው ፊቱን ቢያጨማድድም ይውጣል።

«ዶክተር» አለ ጥላዬ እጅ እየነሣ። ከትናንት ወዲያ ማታ አፍንጫዋን የጠረገላት ልጅ ነበረች፣ እዚህ ግን አንቺ ለማለት አፉ አልደፈረም። «ባለቤቴን ፈልጌ ነበር። ትርንጎ ትባላለች፣ ማጅራቷን ይዟታል።»

«ጥናቱ አልቋል» አለች ዶክተር ኤልዳና። «በዚህ ከተማ ልቡን የታመመ የለም። ስኳር ያለበት የለም። ወፍራም ልጅ የለም፤ ይኸው እኔ ራሴ ሃያ ሁለት ኪሎ ነኝ።»

ይህን ስትል ወንበሩ ከሥሯ ተሰበረ። ሌላ አመጡላት፣ እሱም ተሰበረ። ሦስተኛው እግሩ ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ ወለል ላይ ተኛ።

«ወንበሮቹ ታመዋል፤ ይመዝገብ» አለች ከመሬት ሆና።

«ነገር ግን እኮ ዶክተር፣ የታመሙ ሰዎች አሉ። በዓይኔ የማያቸው ናቸው።»

«መኖርስ አሉ። የኛ ግን አይደሉም። የኛ ቢሆኑ ቁጥራቸው እዚህ ይገኝ ነበር። ቁጥራቸው ወዳለበት ከተማ በስምንት ሰዓት ይጫናሉ።»

በጣቷ ወደ ውጭ አመለከተች። ከድንኳኑ ኋላ አንድ የጭነት መኪና ቆሟል። ሕመምተኞቹ እንደ ማዳበሪያ ከረጢት ተደራርበው ተጭነዋል። ትርንጎ ከላይ ናት፤ በአንድ እጇ ማጅራቷን፣ በሌላው ምሳ ዕቃውን ይዛለች።

«ትርንጎ፣ ውረጂ እንጂ። እዚያ ላይ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ምን ላድርግ ብለህ ነው ጥላዬ? እኔ ታምሜያለሁ አልኩ፣ ካርዴ ደህና ናት አለ። ሊያስታርቁን ሞከሩ፣ አልተቻለም። ከሁለት አንዳችን መሄድ ስላለብን እኔን ላኩኝ።»

«ካርድሽስ?»

«እሱ ካንተ ጋር ይኖራል። ጠባዩ ጥሩ ነው፣ ማጅራቴን አይልም።»

ጥላዬ ዘወር ሲል የትርንጎ ካርድ ነጠላዋን ተከናንቦ፣ ክንዱን ሊይዘው ቆሞ አገኘው። ንጹሕ ነው፣ አሥራ አንዱም መስመር እኩል ተጽፏል። «ቤት እንሂድ ውዴ፣ ምንም አይሰማኝም» አለው በቀጭን ድምፅ። ጥላዬ በሕይወቱ እንደዚያ ደንግጦ እንደማያውቅ ነግሮኛል። ክንዱን መንጭቆ ወደ ኤልዳና ተመለሰና እግሯ ሥር ወደቀ።

«አውርዱልኝ። ስለ እግዚአብሔር አውርዱልኝ።»

«የቸገረን ነገር የለም» አለች፤ የቺፕሱን ጨው ከጣቶቿ እየላሰች። «እውነተኛ ቁጥሯን አምጣና እናወርዳታለን።»

ጥላዬ መለኪያውን ሊያመጣ ወደ ሕሙማን ክፍል ሮጠ። የተቀደደው ጨርቅ አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ለብሶ ተኝቷል። ሦስት ነርሶች ከበውታል። አንዷ ታራግበዋለች፣ አንዷ ጆሮዋን አስጠግታ አየር ሲያስወጣ ታዳምጣለች።

«ልትጠይቀኝ መጣህ?» አለ ጨርቁ በደከመ ድምፅ።

«ልወስድህ ነው የመጣሁት። አንድ ሰው ብቻ ለካልኝ፣ ሌላ አልጠይቅህም።»

«የእረፍት ወረቀት አለኝ ወንድሜ። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ተሰጥቶኛል፣ ማራዘሚያውም በሂደት ላይ ነው።» ወደ ግድግዳው ዞረ።

ጥላዬ ባዶ እጁን ሲወጣ በሩ ላይ አንዲት ልብ ቆማ አገኘ። ትንሽ ሻንጣ ይዛለች። ፊቷ ጠቁሯል፤ ቆማም ቢሆን ታለከልካለች።

«ጥላዬ፣ የትርንጎ ልብ ነኝ» አለችው። «የፈቃድ ቅጽ ሙላልኝ። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ዕረፍት አልወጣሁም። ቅዳሜ የለኝ፣ እሑድ የለኝ፣ ፋሲካን እንኳ ስሠራ ነው የዋልኩት።»

«ስንት ቀን ነው የምትፈልጊው?»

«ቀን ምን ያደርግልኛል። ግማሽ ሰዓት ይበቃኛል።»

«ግማሽ ሰዓት አይቻልም» አላት። «አምስት ደቂቃም አይቻልም።»

«ለምን አይቻልም? የሚያስቸኩል ሥራ እንደሌለኝ አንተው ነህ የጻፍከው። አሥራ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ።»

«እኔ የጻፍኩትን ተዪው። እንደምንም ብለሽ ትንሽ ታገሺኝ፣ መጣሁ።»

ልቧ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ አየችው። «ቶሎ በል እንግዲህ» አለችው። ቁጣ አልነበረባትም፣ ድካም ብቻ ነው ያለባት፤ ጥላዬን ያንገበገበውም ይኸው ነው።

ድንኳኑ ሲደርስ ችሎት ተሰይሟል። ካርዶቹ በሙሉ ገብተው ተቀምጠዋል። የመኪናው ሞተር ተነሥቷል።

«ቁጥሩን አመጣህ?» አለች ዶክተር ኤልዳና።

«መለኪያው ታሟል።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ በምን ስትለካ ነበር?»

«በዓይኔ።»

«ዓይኑ ይቅረብ።»

የጥላዬ ግራ ዓይን ከቦታው ወርዶ፣ ወለሉ ላይ ተንከባልሎ የምስክር ወንበር ላይ ወጣ። ጨዋ ዓይን ነው፣ ከመናገሩ በፊት ለችሎቱ ጎንበስ አለ።

«ትርንጎን ለክተሃታል?»

«አላየኋትም» አለ ዓይኑ።

«ዓይን ሆነህ እንዴት አላየሃትም?»

«እሷ ስትገባ ጌታዬ እኔን ወረቀቱ ላይ ነው የሚተክለኝ። ፊቷን ባየው ኖሮ መታመሟ ያስታውቀኝ ነበር።»

ካርዶቹ አጉረመረሙ። ጥላዬ በቀረው ዓይኑ መሬት መሬቱን አየ። ኤልዳና የመጨረሻዋን ቺፕስ ጎረሰችና ከረጢቱን እፍ ብላ ነፍታ አፈነዳችው።

«ሰባት ሰዓት ከሃምሳ ዘጠኝ ነው» አለች። «አንድ ዕድል አለህ። ቁጥሩ ጠፋ እንበል፤ ውሸት ነው የጻፍኩት በልና እናወርዳታለን። ይቺን ብቻ።»

ጥላዬ አፉን ከፈተ። ሊለው ነበር፣ ምላሱ ላይ ደርሷል። የወጣው ግን «መቶ ሃያ በሰማንያ» ነው።

«እሱን አልጠየቅንህም። ስምህን ተናገር።»

«መቶ ሃያ በሰማንያ።»

«የሚስትህስ ስም?»

«መቶ ሃያ በሰማንያ።»

«ትወዳታለህ?»

ጥላዬ እንባው መጣ። ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቀ፣ አፉ ግን መቶ ሃያ በሰማንያ አለ። አባቶቹ በቁምጣቸው ከት ከት ብለው ሳቁበት። መኪናው መንቀሳቀስ ጀመረ። ትርንጎ ከላይ ሆና ምሳ ዕቃውን አወዛወዘችለት፤ ልቧ ሻንጣዋን ይዛ ከኋላ ከኋላው እያለከለከች ትሮጣለች። ጥላዬ አቁም ሊለው ወደ ሹፌሩ እየሮጠ በሙሉ ድምፁ ጮኸ፣ መቶ ሃያ አለ። ሹፌሩ ፍጥነቱን የነገረው መስሎት በመቶ ሃያ ነዳው።

ጥላዬ ነቃ። ጉንጩ ላይ የካርድ ጠርዝ ታትሟል፣ ምራቁ የሦስት ሰዎች ካርድ ላይ ፈስሷል። በሩ ላይ ዶክተር ሶስና ቆማለች። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንግታ፣ በእጇ አንድ ካርቶን ይዛ ትስቃለች። የግድግዳው ሰዓት ልክ ስምንት ነው።

«ጋሽ ጥላዬ፣ ቀሰቀስኩዎት መሰለኝ» አለች። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና እስክሪብቶ አቀበለችው። «እዚች ጋ ነው የሚፈርሙት። ከዚያ ደግሞ ሽልማት አለዎት።»

ጥላዬ እስክሪብቶውን ተቀበለ፣ መልሶ አስቀመጠው። አፉን ከመክፈቱ በፊት ምላሱን አንድ ሁለት ጊዜ አንቀሳቀሰው፤ የሚታዘዘው አልመሰለውም ነበር።

«ዶክተር፣ አልፈርምም» አለ። «ቁጥሩ ውሸት ነው። ጨርቁ ተቀዷል። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ እየገመትኩ ነው የጻፍኩት። የልጆቹን በሒሳብ ነው የሠራሁት። ያባርሩኝ እንደሆነ ያባርሩኝ፣ እኔ ግን አልፈርምም።»

ሲጨርስ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። ዶክተር ሶስና ሳቋ ጠፋ፣ ግን አልጮኸችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ወረቀቷን አጠፈችው።

«ጋሽ ጥላዬ፣ ከአርባ ሁለት ጤና ጣቢያ ነው መረጃ የሰበሰብነው» አለች። «ሠላሳ ዘጠኙ ዘንድ ከመጀመሪያው ሰው እስከ መጨረሻው መቶ ሃያ በሰማንያ ነው። ሁለቱ ደግሞ ካርዱን አይጥ በልቶታል አሉን። የእርስዎ ብቻ አንዳንዴ መቶ አሥር፣ አንዳንዴ መቶ ሠላሳ ይላል። በመረጃ ጥራት አንደኛ የወጡት እርስዎ ነዎት። ቢያንስ አንድ ሰው ይለካል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር የመጣሁት።»

ጥላዬ ይሳቅ ያልቅስ ጠፋው። ዓይኑ ካርቶኑ ላይ አረፈ።

«ሽልማቱ ምንድነው?»

«የግፊት መለኪያ።»

«ይሠራል?»

«አዲስ ነው። ይሠራል።»

ጥላዬ አልተፈቀደለትም፣ አልጠየቀምም፤ ካርቶኑን ቀዶ መለኪያውን አወጣና ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ትርንጎ አግዳሚው ላይ ናት። ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። አጠገቧ ተንበረከከና እጅጌዋን ሰበሰበ። ጨርቁን ሲጠመጥምላት «ምን እያረግክ ነው፣ ሰው ያየናል» አለች፤ ዓይኗን ግን አልገለጠችም። ነፋው፣ አዳመጠ፣ አስተነፈሰው። አላመነም፣ እንደገና ነፋው። ዶክተር ሶስና በትከሻው ላይ አጎንብሳ መርፌውን አየችና መድኃኒት ክፍሉ የት እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቀችው።

«ስንት ነው?» አለች ትርንጎ።

«መቶ ዘጠና ስድስት በመቶ አሥራ ስምንት» አለ ጥላዬ።

ትርንጎ ዓይኗን ገልጣ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አየች።

«የማን?» አለችው።